የአቶ ዳና ጋያ
እስቲ ስሙኝ፤ ሶዶ ከተማ ቤት ያከራዩኝ ሽማግሌ አቶ ዳና ጋያቸውን፣ ያንን ባለ ውሃ ቅል የትምባሆ ማጨሻ፣ ሳይስቡ አይነጋላቸውም ነበር። ሳሉ ሲብስባቸው፣ ትምባሆ ማቆም ለሚፈልጉ በነፃ ወደሚያማክረው ስልክ፣ ድምፁን ላውድ አድርጌ ደወልኩላቸው። “ሲያምርዎት ውሃ ይጠጡ” አለች አማካሪዋ። “ውሃውማ ጋያው ውስጥ አለ!” አሉ። እኔ ሳቅሁ፤ እሷ አልሳቀችም። “አባባ፣ ሲተዉት የሚናፍቅዎት ምኑ ነው?” “ድምፁ” አሉ። “ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ቤት ውስጥ የሚያወራኝ እሱ ብቻ ነው።”

በመሳቄ አፈርኩ። እሷ ግን፣ “እንግዲያው ቅሉን አጥበው፣ ንጹህ ውሃ ሞልተው ያለ ትምባሆ ይሳቡት” አለች። እስኪያጥቡት ጠበቀቻቸው። ሲስቡት ቡልቅ ቡልቅ አለ። እሷ ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ አዳመጥን። “ሰማሁት አባባ” አለች። ምን ዓይነት ጆሮ ቢሰጣት ነው! ይኸው ዛሬም ማለዳ ከቤታቸው ቡልቅ ቡልቅ ይሰማል፤ ጭሱ ግን የለም።