ላጲስ የሚፈሩት ሽማግሌ

በእኛ በካናዳዋ ደሴት በኬፕ ብሬተን ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የሟችን ክፉ ማንሳት ነውር ነው። ሰካራሙ «ጨዋታ አዋቂ ነበር» ይባላል፤ ሚስቱን ሲደበድብ የኖረውም «ሥራ ወዳድ ነበር» ይባልለታል። ለለቅሶ ቤት ደግ ልማድ ነው፤ እኔም ስሞት እንዲህ ቢዋሽልኝ ደስ ይለኛል። ይህን ልማድ ይዞ ልብ ወለድ ሊጽፍ የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚገጥመው ግን እኔ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ በዓይኔ አይቻለሁና ልንገራችሁ።

በጥር ወር አንድ ማክሰኞ ሮሪ ማክአስኪል የኦክስጅን ጠርሙሳቸውን በጋሪ እየጎተቱ መጡ። ዕድሜያቸውን ከሰል ጉድጓድ ውስጥ የፈጁ ሰው ናቸው፤ ሳንባቸው ጠቁሯል፤ ሐኪሙም ከፋሲካ እንደማያልፉ ነግሯቸዋል። በክንዳቸው ያቀፉት አራት መቶ ገጽ ልብ ወለድ ነበር። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ወንድማቸውን ካለምን ጨምሮ አሥራ አንድ ሰው ስለፈጀው የጉድጓድ ፍንዳታ የጻፉት ነው። አንድ ቅጂ አንስተው ለአሳታሚ ሊልኩት አስበዋል። ፎቶ ኮፒው እንደ አመሉ ወረቀት ጎርሶ እምቢ ሲል፣ በአጋጣሚ መጽሐፍ ልትመልስ የመጣችው ኢሽበል ልትረዳቸው ቀረበች። ኢሽበል ሃሊፋክስ ከተማ ተምራ የተመለሰች የሰፈራችን ልጅ ናት፤ ሐሙስ ሐሙስ እዚሁ ድርሰት ታስተምራለች። የተጨማደደውን ገጽ ስታቃና ማንበቧ አልቀረም፤ ቀጥላ ሌላ ገጽ አነሳች፤ ከዚያም ሌላ።

«አባባ ሮሪ፣ ካልተቀየሙኝ አንድ ነገር ልበል?»

«በይ እስኪ። በዚህ ዕድሜዬ ተቀይሜ የት እደርሳለሁ።»

«አሥራ አንዱም አንድ ሰው ናቸው። ሁሉም ደግ፣ ሁሉም ሳቂታ፣ ሁሉም እያፏጩ ይወርዳሉ። ልብ ወለድ ብለው የጻፉት ለቅሶ ነው።»

«እና ምን ላድርግ ነው የምትይኝ?»

«እንደገና ይጻፉት። የመጀመሪያው ጽሑፍ ከጉድጓድ እንደወጣ ከሰል ነው፤ ድንጋዩ ካልተለቀመለት አይነድም። ተማሪዎቼን አንዱን ምዕራፍ አምስት ጊዜ ነው የማስጽፋቸው።»

«አምስት ጊዜ? እኔ እኮ ቀጠሮ አለብኝ፣ የኔ ልጅ።» ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረና እስኪያልፍ ጠበቅን። «ደግሞ እኔ የጻፍኩትን አልፍቅም። አንዴ የተጻፈ ተጽፏል።»

ዝም ብል ይሻለኝ ነበር፤ ግን አፌ አያርፍም። «ላጲስ ከጠፋ እኔ እሰጥዎታለሁ» አልኳቸው።

ሽማግሌው አልሳቁም። ወንበር ስበው ተቀመጡና መሬት መሬት እያዩ ተናገሩ።

«አንዴ ፍቄ አውቃለሁ። የጋዝ መርማሪ ነበርኩ። ፍንዳታው በደረሰበት ጠዋት ሰው ሳይወርድ የሚፈነዳውን ጋዝ ለካሁና ከመቶ ሦስት አገኘሁ። ሦስት ከሆነ ማንም አይወርድም። መዝገቡ ላይ በእርሳስ ጻፍኩት። አለቃዬ ይህ ቁጥር ሥራ ሊያስቆም ነው ብሎ ላጲስ አቀበለኝ። ሦስቱን ፍቄ አንድ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ላጲስ በእጄ ነክቼ አላውቅም።»

ኢሽበል የያዘቻቸውን ገጾች አገላበጠች። «ይህ ስንተኛው ምዕራፍ ላይ ነው ያለው?» አለች።

«የለም።»

«መርማሪውስ?»

«መርማሪ የለበትም።»

«ፍሎራ ታውቃለች?»

ፍሎራ የካለም ሚስት ናት። እሑድ እሑድ ለሮሪ የአጃ ቂጣ ጋግራ ትወስዳለች።

«አታውቅም» አሉ። «መጽሐፉን የጻፍኩት ለእሷ ነው። ሳልሞት እንድታነብልኝ።»

«እንግዲያው ምኑን ልታነብ ነው፣ አባባ ሮሪ? ያኔ የፋቁት እውነቱን ለመሸፈን ነበር። አሁን የሚፋቀው ሽፋኑ ነው። ደግሞ ዛሬ ከኋላዎ የቆመ አለቃ የለም።»

«ብትጠላኝስ?»

«ልትጠላዎት ትችላለች። እሱን ቃል ልገባልዎ አልችልም።»

ልጅቷን የወደድኳት ያኔ ነው፤ ለማጽናናት ብላ አልዋሸችም። ሮሪም ወረቀታቸውን ሰብስበው በመስኮቱ በኩል ካለው ጠረጴዛ ተቀመጡ።

ስድስት ሳምንት እዚያው ዋሉ። አራት መቶው ገጽ መቶ ሰማንያ ሆነ። አንዱ ሟች ሚስቱን የሚመታ ሆኖ ተገኘ። ካለም ካርታ ሲጫወት ያጭበረብራል፤ ሲነቁበት ይኮሳተራል። እውነትም እንደዚያ ነበር፤ ያን ገጽ ሳነብ ሠላሳ ዓመት የረሳሁት ሰው ናፍቆኝ አለቀስኩ። መርማሪውም ከነላጲሱ ገባ።

በመጋቢት ፍሎራን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ አስጠርተው የላጲሱን ምዕራፍ ራሳቸው እየተቆራረጠ በሚወጣ ትንፋሽ አነበቡላት። እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ካፖርቷን ለብሳ ሳትሰናበት ወጣች። ሁለት እሑድ ቂጣ አልመጣም። ሮሪ እርሳሱን ይዘው ይቀመጣሉ፤ ምንም አይጽፉም። ለሞት የቀረበን ሰው ብቻውን አስቀረችው ብዬ ኢሽበልን በልቤ ረገምኳት።

ከሁለተኛው እሑድ በኋላ ባለው ሐሙስ ፍሎራ መጣች። አልተቀመጠችም።

«ካለም ያን ጠዋት አንተ እንዳነበብክልኝ እያፏጨ አልወጣም» አለች። «ሆዱን ታሞ ልቅር ብሎኝ ነበር። ሰነፍ ብዬ ሰድቤ፣ ምሳውን አስይዤ ያስወጣሁት እኔ ነኝ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አስተካክለው።»

«ፍሎራ...»

«ይቅር አላልኩህም፣ ሮሪ። አስተካክለው ብቻ።»

ሮሪ ከጠረጴዛዬ ላይ ላጲስ አነሱ። ሲፍቁ ወረቀቱ እንዳይሸሽ የያዘችላቸው እሷ ናት።

እንግዲህ መጽሐፍ እንጽፋለን ለምትሉ ሁሉ፣ ደጋግሞ ማረም ቃላት ማሳመር ይመስላችኋል፤ እኔም ይመስለኝ ነበር። ሮሪ አንዴ ጽፈው ቢልኩት ኖሮ ካለም እያፏጨ በቀረ፣ ፍሎራም አፏን እንደዘጋች በቀረች። እንደገና ስለጻፉ ግን አንዲት ሴት ሠላሳ ዓመት ብቻዋን የተሸከመችውን አወረደች። በፊት የናቅኩትን የሐሙሱን ትምህርት አሁን እኔም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ እከታተላለሁ።

ሮሪ ፋሲካ ሳምንት ሲቀረው ሞቱ። ለቅሶ ቤት እንደ ልማዳችን አንዱ ተነሥቶ «ሮሪ እንከን የሌለበት ሰው ነበር» አለ።

ፍሎራ የሻይ ስኒዋን አስቀመጠች። «ነበረበት» አለችና ሮሪ የተዉላትን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ የላጲሱን ምዕራፍ ከመጀመሪያው ታነብ ጀመር። ማንም አላስቆማትም።