የአቶ አጽብሐ መዳፍና የናይለን ክር

ከሐኪም የሚሸሽ ሰው ፊቱ ከሌባ ፊት አይለይም። አቶ አጽብሐም በ፲፱፻፸፪ ዓ.ም. ጥቅምት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ቀኝ እጃቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ከጤና ጣቢያው ሾልከው ሲወጡ ግራ ቀኝ እየገላመጡ ነበር። የጊዮርጊስን አጥር ይዘው ወደ እሪ በከንቱ ሰፈር ቁልቁል ሊወርዱ ሲሉ ከአክበረት ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። አክበረት የጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ ኬሚስትሪ ተምራ የናይለን ክር በሚያመርት ፋብሪካ ተቀጥራለች።

«ምነው ጋሼ፣ መሐረብዎ ደም በደም ሆኗል!»

«ምንም አይደል ጓለይ፣ ልጄ። የሱቄ ቬትሪና መስታወት ተሰበረና ቧጨረኝ።»

ቧጨረኝ ይበሉ እንጂ መዳፋቸው ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ መሃሉ ተከፍቷል። ፒያሳ ላይ ብርን እንደ ፀጉር የሚያቀጥኑ ወርቅ ሠሪ ናቸውና ያቺ እጅ ከሌለች ሱቁም የለም። ይህንን ስለሚያውቁ ነው መቆም ያቃታቸው፤ ሁለት እርምጃ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ እንደገና ይሄዳሉ።

«ታዲያ ሳይሰፉዎት ወጡ?»

«ቁስል የሚሰፋው ድሬሰር ያወጣውን ክር አየሁና ተነሣሁ። ናይለን! እኔ ሰው ነኝ ወይስ የተቀደደ ጆንያ?»

«ምን ብለውት ወጡ?»

«ሽንቴ መጣ አልኩት።»

አክበረት ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ጋሼ፣ ቁስል ቀጠሮ አያከብርም። ሲቆይ ያመረቅዛል፤ ያኔ ቢሰፉትም ዋጋ የለውም።»

«ቤቴ የአባቶቼ መድኃኒት አለልኝ። ያ ክር አልተፈተለ፣ አልተገመደ፣ አንድ ነጠላ ነገር! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰማሽም? ቀበሌው እንኳ ጠዋት ማታ ተደራጁ ይለናል፤ ያንቺ ክር ብቻ ሳይደራጅ ቀረ?»

አክበረት የሰማ ሰው እንዳለ ዘወር ብላ አየች። በዚያ ዘመን ቀልድም ጆሮ እየታየ ነበር የሚቀለደው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እየተከተለቻቸው አስረዳች።

«ጥሬው እንደ ሩዝ ፍሬ ነው ጋሼ። በሙቀት ይቀልጥና በጠባብ ቀዳዳ ተገፍቶ ይወጣል፤ በአንድ ቀዳዳ አንድ ክር። ውሃ ውስጥ ገብቶ ይቀዘቅዛል። ያን ጊዜ ገና ልፍስፍስ ነው። እንደገና ሞቅ ይደረግና፣ አንዱ ጫፍ በዝግታ ሲለቀቅ ሌላው በፍጥነት እየተጠቀለለ፣ የቁመቱን ሦስት አራት እጥፍ እስኪሆን ይሳባል። የሚጠነክረው በመሳቡ ነው።»

አቶ አጽብሐ ድንገት ቆሙ። «በመሳቡ?»

ዕድሜ ልካቸውን የብር ዘንግ በጉጠት ይዘው ከሰፊ ቀዳዳ ወደ ጠባብ ቀዳዳ ስበዋል። ያልተሳበ ብር እንደ ሰም እንደሚተጣጠፍ፣ የተሳበው ግን ተገትሮ እንደሚቆም ጣታቸው ያውቀዋል። ቢሆንም እልህ ክፉ ነው።

«በእሳት የሚቀልጥ ነገር አምኜ ሥጋዬ ውስጥ አላስገባም!»

«ወርቅስ አይቀልጥም እንዴ?»

አቶ አጽብሐ ተናደዱ፤ ተናደውም ፊታቸውን አዙረው በመጡበት ገሰገሱ።

«እሺ፣ የሐር ክር የለም? ሐር ወግ ያለው ነገር ነው።»

«አለ። ግን ልጠይቅዎ። ሽቦ ገምደው የሠሩት ሐብል ሲቆሽሽ፣ ለማጽዳት የሚያስቸግርዎ የቱ ጋ ነው?»

«ግምዱ መሃል ነዋ! ላቡም እድፉም እዚያ ይሸጎጣል። ነጠላው በጨርቅ ይጠረጋል፣ ግምዱ ግን ብሩሽ ካልገባበት...» አሉና ነገሩ ገባቸው።

«የብሩሹም ፀጉር የእኛው ክር ነው፤ የዝዋይ ዓሣ አጥማጆች መረብም እንደዚያው። ቁስል ውስጥ ግን ብሩሽ አይገባም ጋሼ። የሐሩ ክር የተጎነጎነ ነው፤ በመሃሉ ጀርም ይሸጎጣል። ይህኛው መሸጎጫ የለውም።»

«አይበሰብስም ይባላል። እኔ አፈር ስሆን እሱ ሊቀር ነው?»

«ማን ይተወዋል? ቁስሉ ሲገጥም ይወጣል። ልሙጥ ስለሆነ ሥጋ ይዞ አይነሣም።»

አቶ አጽብሐ ቀና ቢሉ የጤና ጣቢያው በር ላይ ቆመዋል።

«አንቺ! የት ነው ያመጣሽኝ?»

«እኔ? እርስዎ ሲሄዱ ተከተልኩ እንጂ።»

ሽማግሌው «ፈርቻለሁ ጓለይ» አሉ። አክበረት ግራ እጃቸውን ይዛ ገባች። ድሬሰሩ ቀና ብሎ አያቸውና «ሽንትዎ ረጅም ነው ጓድ» አለ።

ጊዜው ደርሶ ክሩ ሲወጣም አክበረት አብራቸው ነበረች። ድሬሰሩ ቋጠሮውን ቆረጠ፣ በመቆንጠጫ ሳብ አደረገ፤ ክሩ ተንሸራቶ ወጣ። መግል የለም፣ እብጠት የለም። ያልታየ ሁሉ መርዝ፣ የቆየ ሁሉ መድኃኒት ለሚመስለው ሰው ያ መዳፍ በቂ ትምህርት ነው፦ ቁስሉ ገጠመ፣ ሱቁ አልተዘጋ፣ ባለሙያውም እጀ ሰባራ ሆኖ አልቀረ።

አቶ አጽብሐ አውራ ጣታቸውን ከሌባ ጣታቸው ጋር ቀስ ብለው አገናኙ። ገጠሙ። ሲሰፉ ያላለቀሱት ሰው ያን ጊዜ እንባቸው መጣ።

«ምነው ጋሼ፣ አመመዎት?»

«አባቴ ከዚህ ባነሰ ቁስል ነው የሞተው» አሉ። «ቅቤና ጥላሸት ጠቅጥቀንበት፣ በጨርቅ አስረን፣ ዙሪያውን ቆመን እየጸለይን። ክርና መርፌ ቤታችን ነበር ጓለይ። የሚያውቅ ሰው ነው ያጣነው።»