የውሰት ጎማ

ነሐሴ 2002 ዓ.ም.፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አቃቂ በሰቃ መግቢያ ላይ ጎማዬ ተነፈሰ። ደግነቱ የሮሪሳ ጎሚስታ ቤት ሃምሳ እርምጃ አይርቅም። ፒካፔን እያነከሰች አደረስኳትና ሮሪሳ እስኪያስተናግደኝ በተገለበጠ ቸርኬ ላይ ተቀመጥኩ። የፊዚክስ መምህር ነኝ። እዚያ ቸርኬ ላይ ባልቀመጥ ኖሮ ዛሬም ስለ ሰበቃ ያለ አንዳች እፍረት አስተምር ነበር።

ከእኔ ቀድማ የደረሰችው ኢንቲሳር ነበረች። አባቷ ከማለዲን ከወሎ መጥቶ ቃሊቲ ውስጥ እህል የሚነግድ ሰው ነው፤ እሷ በቴክኒክ ትምህርት ቤት የመኪና ጥገና ተምራ የአባቷን ፒካፕ ራሷ ትነዳለች፣ ራሷም ትጠግናለች። ያን ዕለት አራት አዳዲስ ጎማ አስገጥማ ቡሎኑን አንድ በአንድ ትፈትሽ ነበር።

በዚህ መሃል አቶ አጥናፉ ከተፍ አሉ። ጡረታ የወጡ የፋብሪካ ሾፌር ናቸው። ፒካፓቸውን አስጌጥኳት ብለው አይጠግቡም፤ ጣሪያዋ ላይ ፖርቶመጋላ፣ ወንበሯ ላይ አዲስ ልብስ፣ ግንባሯ ላይ ፊት የሚያሳይ የብረት መከላከያ አለ። ከጭቃ መከላከያው በታች ያለውን ግን ማንም እንዲያይባቸው አይፈልጉም።

እዚህ ላይ ለማያውቅ አንባቢ የሰፈራችንን ልማድ ልንገር። መኪና በየዓመቱ ተመርምሮ ቦሎ ይለጠፍለታል። የቦሎ ቀን ሲደርስ፣ አዲስ ጎማ ካለው ጎረቤት አራቱንም ተውሶ ማስገጠም፣ ተመርምሮ ማለፍ፣ ከሰዓት በኋላ አስፈትቶ መመለስ የቆየ ነገር ነው። የማያውስ ሰው ለሐዘን ቤት ድስት እንደከለከለ ይታማል። እኔም ሰበቃ አስተማሪው ሦስት ዓመት ሙሉ በሰው ጎማ ቦሎ ለጥፌያለሁ።

«እንዴት አደርሽ ኢንቲሳር? አባትሽስ?» አሉ አቶ አጥናፉ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው ጋሼ። እማማ ድንቅነሽስ ደህና አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ጎማዎቹ ያምራሉ። የእኔ ቦሎ ማክሰኞ ነው፤ ለግማሽ ቀን ታውሺኛለሽ።»

አነጋገራቸው የጥያቄ አልነበረም። ይህን ያህል ዓመት ያውሱ የነበሩት እሳቸው ስለነበሩ መለመን አልለመዱም።

«አላውስዎትም፣ ጋሼ» አለች።

ሮሪሳ መዶሻውን እንደያዘ ቀረ።

«አልሰማሁሽም።»

«ሰምተውኛል። ሌላ የፈለጉትን ይዘዙኝ፤ ፍሬንዎን ልይልዎት፣ ዘይት ልቀይርልዎት፣ ዕቃ ልጫንልዎት። ለቦሎ ግን ጎማ አላውስም። ለማንም አላውስም።»

«ትምህርት ቤት የላኩሽ ጉርብትና እንድታፈርሺ ነው? አባትሽ የመጀመሪያውን ፒካፕ ሲገዛ እዚህ አገር ዘመድ አልነበረውም። ቦሎውን በማን ጎማ ለጠፈ? ከራሴ መኪና ፈትቼ ሰጠሁት።»

«አውቃለሁ። እስከ ዛሬ ያመሰግንዎታል።»

«ታዲያ ልጁ ምን ሆነች?»

«ልጁ ስለሆንኩ ነው እምቢ የምለው።»

አቶ አጥናፉ ወደ እኔ ዞረው «መምህር፣ ይሰማሉ?» አሉኝ። እሰማ ነበር፤ ነገር ግን ሦስቱ ቦሎዎቼ ትዝ አሉኝና ጫማዬን ማየት መረጥኩ።

«አርባ ዓመት ነድቻለሁ» ብለው ቀጠሉ። «አንድ ሰው ገጭቼ አላውቅም። መኪና የሚነዳው በእጅ ነው።»

«መሪው በእጅዎ ነው፤ መሬቱን የሚነካው ግን ጎማው ነው» አለችና ፒካፓቸው ሥር ቁጢጥ ብላ የፊት ጎማውን ዳሰሰች። «ጥርሱ አልቆ ላሽ ብሏል። እዚህ ጋ ሽቦው ወጥቷል። ጋሼ፣ በየወሩ ለአቦ እማማን ሳሪስ የሚያደርሷቸው በየትኛው ጎማ ነው?»

«በዚሁ ነዋ። በየትኛው ላድርሳት?»

«እንግዲያው መርማሪውን በአዲስ ጎማ ይቀበሉታል፣ ሚስትዎን በመላጣው ይሸኟቸዋል። ከሁለቱ ማን ይበልጥብዎታል?»

እኔ ልስቅ ብዬ ተውኩት። የእኔም ሚስት በዚያው ዓይነት ጎማ ላይ ነበር የምትቀመጠው።

«ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ደግሞስ አራት ጎማ ከየት ይመጣል?»

«የግንባሩ ብረት ከየት መጣ?»

«እሱ ግርማ ሞገሷ ነው።»

«ግርማ ሞገስ መኪና አያቆምም፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ተቆጡ። ባርኔጣቸውን ደፍተው የመኪናቸውን በር ከፈቱ። «ይሁን። የከማለዲን ልጅ ጎማ ከለከለችኝ ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ እናገራለሁ። ለእሱም ቤቱ ድረስ ሄጄ እከስሻለሁ።»

«ይንገሩ። የጠየቀኝ ሁሉ ይህንኑ መልስ ያገኛል። አባቴ ጋ ሲሄዱ ግን እግሩን ይዩት።»

አቶ አጥናፉ በሩን እንደያዙ ቆሙ። ከማለዲን ከዓመታት በፊት በመኪና አደጋ ተጎድቶ ቀኝ እግሩን እየጎተተ እንደሚሄድ የማናውቅ የለንም።

«እግሩን ምን አመጣው? ዝናቡ ነው እንጂ። ከኋላው ነበርኩ፤ መንገዱ ወንዝ ሆኖ ነበር።»

«አዎ፣ ከኋላው ነበሩ። አባቴ የቃሊቲን ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬን ያዘ፤ መኪናው ተንሸራቶ ግንቡን መታ። እርስዎም ፍሬን ያዙ። ቆመችልዎት?»

«ቆመች።»

«በምን ቆመች?»

ኢንቲሳር ድምፅዋን ሳትጨምር ቀጠለች፤ ይህን ንግግር ለዓመታት በልቧ ስትለው የኖረች ይመስለኛል።

«የአባቴ ቦሎ ሰኞ ነበር። ሰኞ ከሰዓት ጎማዎቹን አስፈትቶ መለሰልዎት፤ የራሱን መላጣ መልሶ አስገጠመ። አደጋው ሐሙስ ነው። ሐሙስ ዕለት እነዚያ ጎማዎች እርስዎ መኪና ላይ ነበሩ። እሱም ዝናቡ ነው ይላል፣ እርስዎም ዝናቡ ነው ይላሉ። ዝናቡ ግን ለሁለታችሁም እኩል ነበር የዘነበው።»

«እኔ ለክፉ ሰጠሁት?» አሉ።

«በደግነት ነው የሰጡት። ያን ቀን እምቢ ቢሉት ኖሮ ይቀየምዎትና ጎማ ይገዛ ነበር። ዛሬ በሁለት ጤነኛ እግሩ እየሄደ ሰላምታ ይነፍግዎት ነበር። እኔ ያንን እመርጥ ነበር፣ ጋሼ። እርስዎም ይቀየሙኝ።»

አቶ አጥናፉ በሩን ዘጉ። እንደ ምንም ቁጢጥ ብለው አውራ ጣታቸውን በራሳቸው ጎማ ላይ አሳለፉ። ሽቦው ወጋቸው። ጣታቸውን በሱሪያቸው ጠርገው «ሮሪሳ፣ ይህን የግንባር ብረት የሚገዛ ሰው አታጣም» አሉ።

እውነቱን ለመናገር፣ ጎማ ስንዋዋስ የምናታልለው መርማሪውን አይደለም። እሱ ማታ ቤቱ በእግሩ ይገባል፤ በመላጣው ጎማ ላይ የሚቀመጡት የእኛ ሰዎች ናቸው። ለማስገጠሚያና ለማስፈቻ በየዓመቱ የምንከፍለው ቢጠራቀም ለጎማ መግዣ ብዙ ያግዝ ነበር፤ ቡሎኑም በየጊዜው እየተፈታ አይላላም ነበር። የራሱ ጎማ ያለው ሰው በዝናብ ቁልቁለት ሲወርድ ልቡ አይሸበርም፣ የትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆመው አይለማመጥም፣ ቦሎውም የለበጣ ወረቀት አይሆንበትም። እኔ በዚያው ሳምንት ጎማ ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ ለቦሎ አላውስም፤ የሚያማኝ ይማኝ።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ የመጨረሻውን ጎማ ለማስገጠም ሮሪሳ ዘንድ ሳለሁ አቶ አጥናፉ መጡ። የፒካፓቸው ግንባር ባዶ ነው፤ መስታወቷ ላይ አዲስ ቦሎ ተለጥፏል። ሮሪሳ ከቦሎ የሚመለስ መኪና ሲያይ እንደ ልማዱ ክሪኩን ይዞ ሄደና ሥሯ አስገባው።

«እነዚህን ለማን ነው የምንመልሰው፣ ጋሼ?»

«ክሪክህን አንሳ። የትም አይመለሱም፤ የእኔ ናቸው።»

ንፋስ ልታስሞላ የመጣችው ኢንቲሳር ከፒካፗ ወርዳ በአክብሮት ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸው። እሳቸውም ጎንበስ አሉላት።

«አባትሽ ቤት ነው?»

«አለ፣ ጋሼ። ሊከሱኝ ነው?»

«አይደለም» አሉ የፒካፓቸውን በር እየከፈቱ። «ጥፋተኛው ዝናቡ እንዳልነበረ ልነግረው ነው።»