የደብተራው ጉልበት

(ደሴ፣ ቅዳሜ ረፋድ። ውባለምና ታናሽ ወንድሟ ኢዮስያስ፣ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ የሚገባበትን፣ ራሳቸው የፈጠሩትን ጨዋታ በምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ሕጉን ያሻሽላሉ።)

ውባለም፦ ጉልበቱ አይቀነስም ብያለሁ። ደብተራውን ተወው።

ኢዮስያስ፦ ውቤ፣ ባለፈው ቅዳሜ ዘንዶው ገና ከዋሻው ብቅ ሲል በአንድ ድግምት አመድ አደረገው። ጦረኛ የሆነው ጎረቤታችን ደረሰም ጦሩን እንደያዘ ቀረ። እኔ አዳኙ ቀስቴን እንኳ አላወጣሁም።

ውባለም፦ ሻይህን ግን ጠጥተሃል።

ኢዮስያስ፦ ሌላ ምን ሥራ ነበረኝ? ደረሰ ቁርጡን ነግሮኛል። ደብተራው ካልተስተካከለ ከእንግዲህ አይመጣም፤ ሚስቱም አትመጣም።

ውባለም፦ ጎረቤት ሆኖ እንዲህ ይላል?

ኢዮስያስ፦ ምን ይበል? ቅዳሜውን ሰጥቶ ሌላ ሰው ሲያሸንፍ ይይ? ስለዚህ አስቤበታለሁ። ደብተራው አንዴ ከደገመ በኋላ፣ ተራው ዞሮ እስኪደርሰው አፉ ይታሰር። አንድም ቃል አይናገር። በቃ፣ ተመጣጠነ።

ውባለም፦ ደብተራውን ማን እንደሚጫወተው ረሳኸው?

ኢዮስያስ፦ አልረሳሁም።

ውባለም፦ እማዬን ከቀበርን ወዲህ አባባ «እህ» ከማለት ሌላ ምን ሲሉ ሰምተሃል? ምሳ ሳቀርብ እህ። መድኃኒት ስሰጣቸው እህ። ቅዳሜ ግን «አንተ ዘንዶ፣ አባትህንም አውቀዋለሁ!» ሲሉ ከግቢ ውጭ ይሰማል። አንተ ደግሞ አፉ ይታሰር ትላለህ።

ኢዮስያስ፦ ደረሰና ሚስቱ ከቀሩስ ለማን ሊናገሩ ነው? ለእኔና ለአንቺ? እኛማ ምሳ ላይም አለን።

ውባለም፦ ደክሞኛል ኢዮስ።

ኢዮስያስ፦ እኔስ? እሺ፣ ጉልበቱን በግማሽ እንቀንሰው።

ውባለም፦ ወዲያው ይነቁብናል። ዕድሜ ልካቸውን ሒሳብ ያስተማሩ ሰው ናቸው። እንዳዘንንላቸው ካወቁ ደግሞ ዳይሱን አስቀምጠው ይነሣሉ።

ኢዮስያስ፦ ታዲያ ምን ይሁን?

ውባለም፦ ጉልበቱ እንዳለ ይቆይ። ዘንዶውንም አመድ ያድርገው። ግን የዕፅ ሥር ያስፈልገው። ያለ ሥር ድግምቱ አይሠራም።

ኢዮስያስ፦ ሥሩንማ ራሱ ምሶ ያመጣል።

ውባለም፦ አይችልም። እሱ ከማሰው ኃይሉ ይጠፋል። ሌላ ተጫዋች ነው የሚምስለት። ያውም ተጠይቆ፣ ለምን እንደሚፈለግ ተነግሮት፣ እሺ ካለ።

ኢዮስያስ፦ እምቢ ቢልስ?

ውባለም፦ ማግባባት የደብተራው ፋንታ ነው።

ኢዮስያስ፦ አባባ ሰው ሊለምኑ? ውሃ ሲጠማቸው እንኳ ጆጉን እያዩ ዝም የሚሉት?

ውባለም፦ ለራሳቸው አይለምኑም። ለደብተራው ይለምኑ ይሆናል።

ኢዮስያስ፦ ደረሰ እንኳ ይስማማል። ሥሩ እስኪማስ ዘንዶውን የሚመክተው ጦረኛው ይሆናል፤ ሥራ አገኘ። ግን ውቤ፣ አባባ ከመለመን ዝም ማለትን ቢመርጡስ? ቅዳሜንም አጣናት ማለት ነው።

ውባለም፦ አውቃለሁ። ሌሊቱን ሙሉ እሱን ሳስብ ነው ያደርኩት።

ኢዮስያስ፦ ልጻፈው?

ውባለም፦ ጻፈው።

ኢዮስያስ፦ የሚምሰው ማን ይሁን? ጫካውን የሚያውቀው አዳኙ ነው።

ውባለም፦ እንግዲያው አንተ ነህ። አደራህን ኢዮስ፣ ሲጠይቁህ ቶሎ እሺ እንዳትላቸው።