ከቤቱ በፊት ክምሩ

በ2002 ዓ.ም. ግንቦት፣ በሳውዲ ዐረቢያዋ ደማም፣ አል ሙሐመዲያ ሰፈር ውስጥ፣ ራህማ በቤት ሠራተኝነት የምታገለግልበት የማዳሟ ቤት ግድግዳ ተሰነጠቀና ባለሙያዎች መጡ። ሻይ ይዛላቸው ስትወጣ፣ አንዱ ወጣት በስልክ በአማርኛ ሲያወራ ሰማች። ትሪውን አስቀምጣ ጠጋ አለችው።

«አንተ ልጅ፣ የት አገር ነህ?»

«የደሴ ነኝ እትዬ። ኑህ እባላለሁ። ሥራዬ የአፈር ምርመራ ነው።»

ደስታዋን አልቻለችውም፤ ወሬዋን ዘረገፈችው። ኮምቦልቻ ወንዝ ዳር ቦታ ገዝታለች፤ ወንድሟ ጁሀር ግንበኛ ቀጥሯል፤ ቅዳሜ መሠረቱ ይጣላል። እናቷ ኡሙሰልማ በስተርጅና ከኪራይ ቤት ወጥተው በራሳቸው ጣሪያ ሥር እንዲያድሩ ነበር የዐረብ አገር ልፋቷ ሁሉ።

«ወንዝ ዳር? እግር ያሰምጣል?»

«በክረምት ይረጥባል። ታዲያስ?»

«እትዬ ራህማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ቅዳሜ ግንበኛ አይግባ። ጠጠር ያንጥፉና በላዩ ከቤቱ የሚከብድ አፈር ይከምሩበት፤ ክረምቱን ሙሉ ይቀመጥ።»

ራህማ ቱግ አለች። «አፈር? ሰፈሩ ‹ራህማ ዐረብ አገር ሄዳ አፈር ላከች› ብሎ ይሣቅብኝ? አባቶቻችን መቼ አፈር ከምረው ጠበቁ?»

«አባቶቻችንማ ብልህ ነበሩ፤ ቤታቸውን ከፍታ ላይ ሠርተው ረግረጉን ለከብት ተዉት። ረግረግ የገዛነው እኛ ነን።»

ነገሩ ነካት፤ እጅ ግን አልሰጠችም። «ድንጋይ ብጨምርበትስ?»

«አብሮ ይሰምጣላ! ይህ ግድግዳ እኮ ድንጋይ አንሶት አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ጭቃ ውሃ እንዳዘለ ስለተገነባበት ነው። ለማዳምዎ ለብነ ሲሠሩ እንዴት ያደርጋሉ?»

«እርጎውን በጨርቅ ቋጥሬ ክብደት እጭንበታለሁ፤ ውሃው ይወጣና ይጠጥራል…» አለችና ወደ ተሰነጠቀው ግድግዳ ዞር ብላ አየች።

«መሬቱም እንዲሁ ነው። ክምሩ ሲጫነው ውሃው ወደ ጠጠሩ ወጥቶ ይፈሳል፤ መሬቱ እየወረደ ይጠብቃል። መውረዱን ሲያቆም አፈሩን ያነሡና ይሠራሉ። መሬቱ መውረዱ አይቀርም፤ ከቤቱ በፊት ይውረድ ነው የምልዎ።»

ሰው እንዲህ ነው፤ የሌላውን ምክር ይገፋል፣ እውነቱ ከገዛ ማዕድ ቤቱ ሲመጣበት ግን መድረሻ ያጣል። ራህማ ወዲያው ደወለች። «ጁሀር፣ ግንበኛው ኸላስ፣ ይቅር! አፈር አስጭን!» አለችና ኑህ ያላትን አንድ በአንድ ነገረችው።

ሰፈሩ እንደፈራችው ሣቀ። እናቷ ሳይቀሩ አኮረፏት።

መስከረም ሲጠባ ጁሀር ደወለ። «መሬቱ ክንድ ሙሉ ሰመጠ ራህማ! አሁን ግን ቆሟል፤ መውረዱን ለማየት የተከልኩት ችካል ሲለካ ንቅንቅ የለም። ወላሂ፣ ይህ ሁሉ ቤታችንን ይዞ ነበር የሚወርደው!»

አፈሩ ተነሥቶ ቤቱ ተሠራ። ሁለት ክረምት አለፈበት፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ እንኳ አልታየበትም። ያን ጊዜ የሣቁት ጎረቤቶችም ሊሠሩ ሲያስቡ «ክምሩን አውሱን» እያሉ ያንኑ አፈር ከቦታ ቦታ ተቀባበሉት። አንድ ክረምት የታገሠ ዕድሜ ልኩን ግድግዳ ከመለሰን ይድናል፤ ልጆቹም ጣሪያ ይወድቅብናል ሳይሉ ይተኛሉ።

ቤቱ እንዳለቀ፣ እናቷ ከኪራይ ቤት ወጥተው የገቡ ዕለት ደውለውላት ነበር። ስልኩን ወደ ወለሉ አስጠግተው ወለሉን በምርኩዛቸው ደለቁት። «ሰማሽው ልጄ? ቤቴን ሰማሽው?»

ራህማ እልልታዋን አቀለጠችው። ማዳሟ ችግር የተፈጠረ መስሏት «ሙሽኪላ?» እያለች በሩጫ መጣች።

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ማዳም! እናቴ ቤቷ ገባች!»