ጋቢ የለበሰው ኮምፒውተር

በእኛ ጊዜ እኮ፣ ልጆች፣ እዚህ ደብረ ብርሃን ኮምፒውተር ያየ ሰው ከየት ይመጣል? እኔ ራሴ ሬዲዮ ሠሪ ነበርኩ። ይሄን ቤት የሞሉትን አሮጌ ኮምፒውተሮች ታያላችሁ አይደል? ሁሉንም ያመጣብኝ አንዱ ነው፤ እሱን ላጫውታችሁ።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመት ሲቀረው ነው። ለአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር መጣለትና ዘነበች የምትባል ታይፒስት፣ የአንኮበር ልጅ፣ አዲስ አበባ ሄዳ ተምራበት መጣች። ታዲያ የኛን አገር ብርድ ታውቁታላችሁ፤ አንድ ቅዳሜ ለምሳ ስትወጣ ማሽኑን እንደበራ ትታ፣ ብርድ እንዳይመታው ጋቢዋን አልብሳው ሄደች! አዎ፣ ጋቢ! ስትመለስ ቢሮው ጭስ ጭስ ይላል፣ ማሽኑም ጭልም ብሏል።

ሮጣ ሱቄ መጣች። «ወንድምዬ፣ ገደልኩት!»

«ማንን?» አልኩ ደንግጬ።

«ኮምፒውተሩን! ሰኞ ኃላፊው ከስብሰባ ይመለሳል፣ አሻጥር ነው ይለኛል!»

እና ያኔ፣ ስሙኝ፣ አሻጥር ማለት ቀልድ አይደለም፤ ሰው በዚያ ቃል እስር ቤት ገብቶ ይቀር ነበር። እኔ ደግሞ ኮምፒውተር ከፍቼ አላውቅም። አልችልም ልላት ነበር፣ ዓይኗን ሳየው ግን አልሆነልኝም፤ መፍቻዬን ይዤ ተከተልኳት። ዘበኛው አስገባን። እየፈራሁ ፈታሁት፣ ፈትቼ ሳየው ለካ መብራት የሚቀበልበት ሳጥን ከቴሌቪዥን ብዙም አይለይም! ፊውዙ ተቃጥሏል፣ ኮንደንሰር የምንላት መብራት የምታጠራቅም ዕቃም አብጣለች። ታዲያ ኮንደንሰር ከየት ይምጣ? ቤቴ ገባሁና የራሴን ቴሌቪዥን፣ ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ የሚያየውን፣ ከፍቼ ነቀልኩለት።

እሁድ ሠርቼ ጨረስኩና «አብሪው» አልኳት።

«አንተ አብራው፣ እኔስ ዳግም አልነካውም።»

አበራሁት። ዝም አለ፣ ዝም አለ፣ ከዚያ ጥዝዝ! አረንጓዴ ፊደል! ዘነበች እልል ልትል ስትል ዘበኛው «ኧረ እትዬ፣ ቀበሌ ይሰማል!» አለ፤ አፏን በነጠላዋ ይዛ አለቀሰች። እኔም ዕንባዬ መጣ፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

ሰኞ ኃላፊው ገብቶ አሸተተ አሉ። «ጓድ ዘነበች! ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ከሰል ነው ጓድ፣ ብርዱ ጠንቶብኝ።»

«ታዲያ ማሽኑንስ ብርድ አይመታውም? አንድ ነገር አልብሺው እንጂ!»

ይሄን ልትነግረኝ ስትበር መጣች። መጀመሪያ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው፣ እና ልቤን ወሰደችው። ከዚያማ በየሳምንቱ «ማሽኑ ይታይ» እያልኩ ብቅ ነው፤ ምንም ሳይጎድለው! ከተጋባን በኋላም መሥሪያ ቤቶች አሮጌውን ሲጥሉ እሷ ትለቅማለች፣ እኔ እጠግናለሁ፣ ይሄው አረጀን።

(«ያኔ ኮምፒውተሩ አልነሣ ቢል ኖሮስ አባባ?» አለ ከአድማጮቹ አንዱ።)

እኔ ነካክቼ አበላሸሁት ልል ቆርጬ ነበራ! እሷን ከሚወስዷት እኔን ይውሰዱኝ ብዬ። ለሷ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

(ከጓዳ ወይዘሮ ዘነበች፦ «ሰማሁህ እኮ! ይሄን ሁሉ ዓመት ምን አፍህን ያዘህ?»)