ከወደቁት የገውዝ ዛፎች መሃል

ሽማግሌው ኤቫሪስት በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ቀዩን ሽፋን ከቅመሙ ከገውዝ ፍሬ ላይ በጥፍራቸው ይልጣሉ። ዝናብ አባሮኝ ከጣሪያቸው ሥር ስጠለል፣ «ግቢ ጎረቤት፤ ይቺ ልጅ የምትለውን ስሚልኝ» አሉኝ።

ፍሬውን ከየት እንዳመጡት ለመጠየቅ ፈራሁ። ዛፎቻቸውን ሁሉ አውሎ ነፋሱ አምና ጥሏቸዋል።

«ይቺ ልጅ» ያሏት የልጅ ልጃቸው ጃኔል ናት። ግብርና ተምራ መጥታለች። አባቷ ስለሞተ መሬቱን የሚረከብ ሌላ ሰው የለም። በሚተከለው ነገር ካልተስማሙ ግን ነገ ለሥራ ወደ ጎረቤት ደሴት ወደ ትሪኒዳድ ትሻገራለች፤ ሻንጣዋ በሩ ላይ ቆሟል።

«አባባ፣ ደሴታችን ግሬናዳ በሙሉ በገውዝ ላይ ተንጠልጥላ ነበር» አለች። «አንድ ነፋስ ነፈሰ፣ አገሩ ሁሉ ባዶ እጁን ቀረ። ገውዝ ደግሞ እስኪያፈራ የተወለደ ልጅ ትምህርት ቤት ይገባል። እስከዚያ ሙዝ፣ ካካዎ፣ ጥቂት የንብ ቀፎ ቢኖረንስ? አንዱ ቢወድቅ በሌላው እናድራለን።»

«ግንዶቹን ልታስፈልጪ? የአባትሽ እትብት እኮ እዚያ ሥር ነው! የእኔም!»

«ዛፎቹ ሞተዋል፣ አባባ።»

«ሞተዋል? እስቲ ዝም በይና አድምጪ።»

ዝናቡ አባርቷል። ከወደቁት ዛፎች መሃል ዱብ አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ ዱብ። የበሰለ ገውዝ ሲወድቅ የሚሰማው ድምፅ ነው። የቆመ የገውዝ ዛፍ ግን አልነበረም።

«በየምሽቱ እለቅማለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «የሞተ ያፈራል?»

የጃኔል ፊት ተለወጠ። ወደ አያቷ ዞረች። «የእኔስ እትብት የት ነው?»

የሽማግሌው እጅ ቆመ። «እናትሽ እልኸኛ ነበረች፤ የካካዎ ገበሬ ልጅ። ሳላውቅ ወንዙ ዳር ካለው ካካዎ ሥር ቀበረችው። ስንት ጊዜ አኮረፍኳት!»

«ያ ካካዎ ዛሬ የት ነው?»

ሽማግሌው ካካዎው እንደቆመ ወዳለበት ወደ ወንዙ ተመለከቱ። ሸለቆው ሸሽጎት ነፋሱ በላዩ አልፏል፤ ዘንድሮም ግንዱን ሞልቶ አፍርቷል።

«እትብታችሁን አልነካም» አለች። «ግንዶቹ ባሉበት ይበስብሱ፣ ለአፈሩ ምግብ ናቸው። በመሃላቸው ነው የምተክለው። ገውዝም እንደገና እንተክላለን፣ ብቻውን ግን አይደለም። የምንጥለውን የገውዝ ፍሬ የውጭ ሥጋም ማርማላታ እንሠራዋለን።»

«ለአሳማ የማንሰጠውን ለሰው ልታበዪ?»

«ባለፈው ቀምሰው ጣትዎን ልሰዋል እኮ!»

ሳቅ አመለጣቸው። ገጀራቸውን አንስተው ወረዱና የሟች ልጃቸው እትብት ከተቀበረበት ግንድ ጎን ጉድጓድ ማሱ። ጃኔል ከወንዙ ዳር ካካዎ ዘር ያበቀለችውን ችግኝ አመጣች፤ እኔ አፈር መለስኩ። ብዙ ዓይነት ሰብል ያለው ገበሬ ክፉ ነፋስ ሲመጣ ሁሉን በአንድ ቀን አያጣም፤ ልጁም እንጀራ ፍለጋ ባሕር አይሻገርም። ለትንሽ አገርም ነገሩ ያው ነው።

ጃኔል ሻንጣዋን ወደ ቤት መለሰች።

ወደ በረንዳው ስንወጣ ከኋላችን፣ ዱብ አለ። ኤቫሪስት ሊለቅሙ አልሄዱም። የገጀራውን ጭቃ በሙዝ ቅጠል ጠርገው ግድግዳው ላይ አስደገፉት።